ፎርክና ኢቨንት ሉፕ፦ በሶፍትዌር ፍተሻ ወቅት ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለአገልግሎት ከመብቃቱ በፊት ልዩ ልዩ ፍተሻዎችን ማለፍ እንደሚጠበቅበት ይታወቃል። የፍተሻው ዋነኛ ዓላማም በፕሮግራሙ ላይ ያለው ጉድለት ተጠቃሚው ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንዲታረም ማስቻል ነው። ይሁንና ፍተሻው ራሱ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሲገኝ ደህና የሆነው ፕሮግራም እንደተበላሸ ሊቆጠር፣ የተበላሸው ደግሞ ፍተሻውን አልፏል ሊባል ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ስህተት በር ከሚከፍቱ ሁኔታዎች አንዱ ኢቨንት ሉፕ የሚጠቀም ፕሮግራም በሚፈተሽበት ጊዜ ፎርክ በተሰኘው ጥሪ አዲስ ሂደት መፍጠር ነው።

ፎርክ በዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሲሠራበት የቆየ ጥሪ ነው። በሥራ ላይ ያለ ሂደት ይህን ጥሪ ሲጠቀም ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሂደቱን ቅጂ ይፈጥራል። የመጀመሪያው ወላጅ፣ ቅጂው ደግሞ ልጅ ይባላል። ሁለቱም ሥራቸውን የሚቀጥሉት ከዚያው ከጥሪው ቦታ ሲሆን፣ የሚለያቸው ከጥሪው የሚያገኙት መልስ ነው። ልጁ 0 ሲመለስለት ወላጁ የልጁን መለያ ቁጥር ይቀበላል።

ኢቨንት ሉፕ በበኩሉ አንድ ሂደት ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ የሚያስችል አሠራር ነው። ፕሮግራሙ የሚጠብቃቸውን ግንኙነቶች በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ማለትም በከርነሉ ዘንድ ያስመዘግብና ከመካከላቸው አንዱ ዝግጁ መሆኑ እስኪነገረው ድረስ ይተኛል። በሊኑክስ ላይ ይህ ምዝገባ የሚካሄደው እ.ኤ.አ. በ2002 በተዋወቀው ኢፖል በተባለው ዘዴ ነው።

ችግሩ የሚመነጨውም ከዚህ ምዝገባ ነው። ፎርክ የሂደቱን ማስታወሻ ለልጁ ይገለብጣል እንጂ በከርነሉ ዘንድ ያለውን የኢፖል መዝገብ አይገለብጥም። ወላጅና ልጅ የአንዱን መዝገብ ሁለት ቁልፎች ይዘው ይቀራሉ። ሁኔታው በአንድ መዝገብ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መዝገብ ያለ መስሏቸው በአንድ መዝገብ ላይ ሲጽፉና ሲሰርዙ ከሚፈጠረው ግራ መጋባት ጋር ይመሳሰላል። አንደኛው የሰረዘው መስመር ለሌላውም ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የፓይተን 3.4 አካል የሆነው አሲንክ አይኦ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የዚህ ቤተ መጻሕፍት ኢቨንት ሉፕ ከሌላ ትሬድ ሥራ ሲመጣለት የሚነቃበት የራሱ የውስጥ ሶኬት አለው። ሶኬቱም በዚያው የኢፖል መዝገብ ላይ ይመዘገባል። ንጹሕ አሠራር የሚወድ ባለሙያ በልጁ ሂደት ውስጥ የወረሰውን ኢቨንት ሉፕ በሥርዓቱ ሲዘጋ፣ የመዝጊያው ሂደት አስቀድሞ ያንን ሶኬት ከመዝገቡ ይሰርዛል። መዝገቡ የጋራ በመሆኑም ወላጁ የመንቂያ ደወሉን ያጣል። ከሌላ ትሬድ የተላከለትን ሥራ ሳያውቅ ይተኛል፤ ፍተሻውም ያለምክንያት የቆመ ይመስላል። ስህተቱ የተፈጸመው በልጁ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ የሚታየው በወላጁ ላይ በመሆኑ መንስኤውን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል።

ከዚህም ሌላ ብዙ ትሬዶች ባሉት ሂደት ውስጥ ፎርክ ሲደረግ ወደ ልጁ የሚሻገረው ጥሪውን ያደረገው ትሬድ ብቻ ነው። ሌላ ትሬድ በዚያች ቅጽበት ይዞት የነበረ ቁልፍ በልጁ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ የሚከፍተውም አይኖርም። ፍተሻው አንድ ጊዜ አልፎ ሌላ ጊዜ የሚወድቅበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ችግሩን ለመከላከል ቀዳሚው መፍትሔ ፎርኩን ማስቀደም፣ ኢቨንት ሉፑን ግን ከፎርክ በኋላ በየሂደቱ ለየብቻ መፍጠር ነው። በፓይተን ከባዶ የሚጀምር ሂደት የሚፈጥረውን ስፖን የተሰኘውን ዘዴ መጠቀምም ሌላው አማራጭ ነው። የሚፈተሸው ነገር ፎርኩ ራሱ ሲሆንና ኢቨንት ሉፑ አስቀድሞ ሲኖር ግን፣ ልጁ የወረሰውን ኢቨንት ሉፕ ሳይዘጋና ሳይጠቀምበት እንዳለ ትቶ የራሱን አዲስ መፍጠር ይኖርበታል። የቀድሞውን የሚያመለክተውን ተለዋዋጭም መልቀቅ አይገባውም፤ ፓይተን ያልተዘጋ ኢቨንት ሉፕን ከማስታወሻ ሲያስወግድ ራሱ ይዘጋዋልና።

የልጁ አወጣጥም እኩል ትኩረት ይሻል። ልጁ የፍተሻ ማስኬጃው ቅጂ ስለሆነ በውስጡ የተነሳ ስህተት ካልተያዘ ቀሪዎቹን ፍተሻዎች ለሁለተኛ ጊዜ ማካሄድ ሊጀምር ይችላል። ስለሆነም ማንኛውንም ስህተት ይዞ፣ ለስኬት 0 ለውድቀት ደግሞ ሌላ ቁጥር በመስጠት «አንደርስኮር ኤግዚት» በሚባለው የቀጥታ መውጫ ጥሪ መሰናበት አለበት። ይህ ጥሪ የተለመደውን የመዝጊያ ሥርዓት ስለሚዘል የወላጁ መዝገብም ሳይነካ ይቀራል። ያልተጻፈ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ እንዳይታተም ከፎርክ በፊት፣ እንዳይጠፋ ደግሞ ከመውጣት በፊት ወደ መድረሻው መላክ ያስፈልጋል።

ወላጁም የልጁን ፍጻሜ በተወሰነ የጊዜ ገደብ መጠበቅ፣ ገደቡ ካለፈ ልጁን ማስቆምና የመውጫ ቁጥሩን መመርመር ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ በልጁ ውስጥ የወደቀ ፍተሻ በወላጁ ዘንድ እንዳለፈ ይመዘገባል። ይህ ደግሞ ከቆመ ፍተሻ የከፋ ነው፤ የቆመውን ሁሉም ያየዋል፣ በሐሰት ያለፈውን ግን የሚጠረጥረው የለም።

የፎርክ ችግር በዓለም አቀፍ ደረጃም ትኩረት ያገኘ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የማይክሮሶፍት ሪሰርች፣ የቦስተን ዩኒቨርሲቲና የዙሪክ ኢቲኤች ተመራማሪዎች ፎርክ ለዘመናዊ ፕሮግራሞች እንደማይመች የሚያስረዳ ጽሑፍ አቅርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይተን 3.12 ብዙ ትሬዶች ባሉት ሂደት ውስጥ ፎርክ ሲደረግ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ፓይተን 3.14 ደግሞ በሊኑክስ ላይ ለመልቲፕሮሰሲንግ ፎርክን ቀዳሚ ምርጫ ማድረጉን ትቶ ፎርክ ሰርቨር በተሰኘው ዘዴ ተክቶታል።

እነዚህ ማሻሻያዎች አደጋውን ይቀንሱታል እንጂ ፎርክን በቀጥታ የሚጠሩ ፍተሻዎችን ከኃላፊነት ነፃ አያደርጉም። የሶፍትዌር ባለሙያዎች ከፎርክ በፊት ምን እንደተከፈተ፣ ከፎርክ በኋላስ የማን እንደሆነ ለይተው ሊያውቁ ይገባል። ፍተሻ ምስክር ነው፤ የምስክሩ ቃል የሚታመነውም እርሱ ራሱ በጥንቃቄ ሲዘጋጅ ብቻ ነው።