ብርሌና ድፎ ዳቦ፦ ጎብኚው ከሚከፍለው ለአርሶ አደሩ ምን ይደርሳል?

ከባሕር ዳር በጀልባ ተነስቶ ወደ ዘጌ የሚያቀና እንግዳ የሚሄደው ገዳማቱን ለማየት ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች አይቶ ሲወጣ በእግሩ የሚያቋርጠው ጫካ የአርሶ አደር ማሳ መሆኑን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ነው። ዘጌ በበሬ አይታረስም። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ነዋሪው ሳያርስ እንዲኖርባቸው ለአቡነ በትረ ማርያም የተሰጧቸው ተክሎች ሦስት ናቸው፤ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ። ቡናው ስም አውጥቷል፤ ጀልባው ሲመለስ ከእንግዳው ቦርሳ የሚገባውም እሱ ነው። ጌሾው ግን ገበያ ላይ ይሸጥና የየት አገር ጌሾ እንደሆነ ሳይጠየቅ ከጠጅ ቤት ጋን ይገባል።

የጎብኚው ገንዘብ ለሆቴል፣ ለጀልባና ለአስጎብኚ ሲከፋፈል ይታያል። ማዕዱ ላይ የሚቀርበው ማር፣ ጌሾና ስንዴ ግን ከአርሶ አደሩ እጅ የሚወጣው እንደማንኛውም ሸቀጥ ነው። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ፣ በኋላም በተከሰተው የሰላም ችግር የጎብኚው ቁጥር ክፉኛ ተጎድቷል። እንግዳው ሲመለስ የሚጠብቀው ማዕድ ከአሁኑ ካልተስተካከለ ያው የቀድሞው አከፋፈል መቀጠሉ አይቀርም።

እውነተኛ ጠጅ የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ማር፣ ውሃና ጌሾ። ባለሙያ እናቶች አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው፣ በወይራ በታጠነ ዕቃ ውስጥ ጨምረው በጨርቅ ይሸፍኑታል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሰፈፉ ወደ ላይ ሲወጣ ይገፈፋል፤ ከዚያ ጌሾው ይገባል። ለጠላ በብዛት የሚመረጠው የጌሾው ቅጠል ሲሆን ለጠጅ ግን እንጨቱ ነው። ይህን ልዩነት የሚያውቅ አምራች እንጨቱንና ቅጠሉን ለይቶ ለየደንበኛው ማቅረብ ይችላል። ጠጁ በቆላ ቶሎ፣ በደጋ ዘግይቶ ይደርሳል፤ አንዳንዱ በሳምንት፣ አንዳንዱ እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከማሩ ነው። ስኳር ከማር ስለሚረክስ ብዙ ጠጅ ቤት የማሩን ድርሻ በስኳር ይተካል፤ ቢጫነቱንም በቀለም የሚያመጣ አለ። እንግዳው ይህን ቀምሶ ኢትዮጵያ ጠጅ ጠጣሁ ብሎ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ንብ አናቢው ነው። ስኳር የገባበት ጠጅ በተሸጠ ቁጥር ሊገዛ ይገባው የነበረው ማር ሳይገዛ ይቀራል። ማሩ ራሱ በስኳር ተበርዞ ወደ ገበያ ሲወጣ ደግሞ ገዢው ንጹሑንም በጥርጣሬ ስለሚያይ ሐቀኛው አናቢ ከአጭበርባሪው እኩል ዋጋ ይቀርብለታል።

ላሊበላን እንውሰድ። የከተማዋ ስም ከንጉሡ፣ የንጉሡም ስም ከንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲወለድ ንብ ከቦት ነበርና ላል ይበላል፣ ማር ይበላል ተባለ ይላል ትውፊቱ። የላስታ ነጭ ማር በአገር ደረጃ የታወቀ ነው። 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማየት፣ ለገናም በዓል ወደ ከተማዋ የሚተመው ሕዝብ የዚያኑ አካባቢ ማር ከነስሙና ከነአምራቹ በታሸገ ዕቃ ቢያገኝ ገዝቶት እንደሚሄድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

የቦታ ስም ዋጋ እንዳለው ለማየት እስከ ዝዋይ፣ በአሁኑ ስሟ ባቱ፣ መሄድ ይበቃል። የፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ እዚያ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠጁን ለገበያ ሲያቀርብ አንደኛውን ምርት የሰየመው በስምጥ ሸለቆው፣ ሪፍት ቫሊ ብሎ ነው። የወይን ዝርያዎቹ ሜርሎ፣ ሲራና ሻርዶኔ ከውጭ የመጡ ናቸው፤ ስሙ ግን የእኛው ሸለቆ ነው። ማሩም ጌሾውም የራሳችን የሆነው ጠጅ እስካሁን በአብዛኛው የሚሸጠው ጠጅ በሚለው ስም ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ማርን ከወተት፣ ከዶሮና ከእንቁላል ጋር አካቷል። በየወረዳው ሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚታየው የተሠራጨ ቀፎ ቁጥር ነው። ቀፎው ለውጥ ያመጣል፤ ከባህላዊው 5 እስከ 8 ኪሎ የሚቆረጥ ሲሆን በአግባቡ ከተያዘ ዘመናዊ ቀፎ 15 እስከ 20 ኪሎ ይገኛል። ነገር ግን ሳይበስል የተቆረጠ ማር የውሃ መጠኑ ከ20 በመቶ ሲያልፍ በዕቃው ውስጥ መቡካት ይጀምራል፤ ይህን ማር የትኛውም ሆቴል ሁለተኛ አይገዛውም። ፍሬሙ ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም እስኪከደን መታገስ፣ የአደይ አበባውን የጥቅምትና የኅዳር ማር ከሌላው ወቅት ሳይደባልቁ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው ጉዳይ ፀረ ተባይ ነው። ሰብል አበባ በያዘበት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ ንቡ ማሳው ላይ ነው። ርጭቱን ወደ ማምሻ ማድረግና ለጎረቤት አናቢ ቀድሞ መንገር የቀበሌ የልማት ሠራተኛ በአንድ ስብሰባ ሊያስማማው የሚችል ነው። ንብ ያለቀበት ቀበሌ ቀፎ ቢታደለውም ባዶ ሳጥን ይዞ ይቀራል።

ብርሌ ብቻውን ማዕድ አይሞላም። ለእንግዳ ከማር ጋር የሚቀርበው ድፎ ዳቦ ከጠጁ ይልቅ ለጀማሪ ይቀላል፤ በመንገድ ዳር ወይም በጀልባ ማረፊያ መሸጥ ለሚፈልጉ የሴቶች ማኅበራትም ብዙ ካፒታል አይጠይቅም። ለአንድ መካከለኛ ድፎ አንድ ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ወደ ሦስት ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ እርሾ፣ ከዚያ ያነሰ ጨው፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድና የተፈጨ ድንብላል፣ ጥቂት ዘይትና አንድ ማንኪያ ማር ይበቃል። ውሃው በአንዴ አይገባም፤ እንደ ዱቄቱ አጠጣጥ እየታየ ይጨመራል። ሊጡ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል፤ ተሸፍኖ እጥፍ እስኪሆን፣ እንደ አየሩ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቀመጣል።

ምጣዱ ወይም ድስቱ በታጠበ ኮባ ይነጠፋል፤ ኮባ ከሌለ የሙዝ ቅጠል ይሆናል። ሊጡ ተገልብጦ በሌላ ኮባ ይሸፈናል። በባህላዊው አሠራር ከሥር መጠነኛ እሳት ይደረግና በላዩ በተከደነው ቆርቆሮ ላይ ፍም ይጨመራል፤ የኤሌክትሪክ ምድጃ ያላቸው በ180 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይጋግሩታል። የላዩ ፍም ከበዛ ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቀጭን እንጨት ተወግቶ ንጹሕ ሆኖ ሲወጣ በስሏል። ኮባው ሳይነሳ በጨርቅ ተሸፍኖ ትንሽ በረድ ካለ በኋላ ይቆረጣል።