እውነት ወይስ ተረት? የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም

ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች የተመዘገቡባት አገር ናት። ስለ ወፎቿ ከምንሰማው ውስጥ ግን እነሱን ከማየት የሚጋርደን፣ አንዳንዴም ለሞት የሚዳርጋቸው ብዙ ነው። አምስቱን ከነእውነታቸው እነሆ።

ተረት፦ የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ መጥታ ትሄዳለች።

እውነት፦ በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች እንደየአካባቢው ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ ግን ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። ክረምት ሲገባ ወንዶቹ ላባቸውን ይቀይራሉ። ገሚሱ ጥቁርና ቀይ፣ ገሚሱ ጥቁርና ቢጫ ይለብሳል፤ ጅራቱን ከገላው አስበልጦ የሚያስረዝምም አለ። ይህ ሁሉ ሴቷን ለመማረክ ነው፤ ዝናቡ ያሳደገው ሣር ለጎጆም ለጫጩት ምግብም ይሆናልና። የመራቢያው ወቅት ሲያልፍ ወንዱ ጌጡን አራግፎ እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ ድንቢጥ ይመስላል። በጥር በመንጋ ሆነው ጥሬ ሲለቅሙ አጠገባቸው እናልፋለን፤ አናውቃቸውም። ጌጣቸውን ለማየት ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በማለዳ ወደ ረግረግ ዳርና ረጅም ሣር ወዳለበት ማሳ መውጣት ይበቃል።

ተረት፦ ብርቅዬ ወፍ ለማየት ሩቅ ፓርክ መሄድ ግድ ነው።

እውነት፦ አዲስ አበባ ውስጥ ሣር ላይ ትል የሚለቅመው፣ ሲበር ጮክ ብሎ የሚንጫጫው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ የሆነው ጠቆር ያለ ትልቅ ወፍ የሚኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ላይ የሚታየው ትንሽ አረንጓዴ በቀቀንም እንዲሁ፤ ግንባሩ ቀይ ከሆነ ወንዱ ነው። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ገፈርሳ ግድብ ዳር ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሣር ሲግጥ ይገኛል።

ተረት፦ ጉጉት ስትጮህ ሰው ይሞታል።

እውነት፦ ጉጉት የምትጮኸው ተጣማሪዋን ለመጥራትና ግዛቷን ለማስከበር ነው። በሌላው ሌሊት ተኝተን ድምፅዋን አንሰማም። በሽተኛ ስናስታምም ግን ነቅተን እናድራለን፤ የሰማነው ድምፅም ከሐዘኑ ጋር ተቆራኝቶ ይቀራል። ከምግቧ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው አይጥ ነው። ጎተራ ያለው ገበሬ ሊያሳድዳት ሳይሆን ሊጠብቃት ይገባል።

ተረት፦ አባ ኮዳ አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው ከረጢት ዓሣና ውሃ ያጠራቅማል።

እውነት፦ ከረጢቱ ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው፤ ከምግብ ቧንቧው ጋር አይገናኝም። ወፉ እየነፋ ለተጣማሪው ያሳየዋል። ራሱና አንገቱ ላባ አልባ መሆናቸው ደግሞ ጥንብ ሲበላ ደም እንዳይጣበቅበት ይረዳዋል። አባ ኮዳን በቅርብ ለማየት ሐዋሳ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ሳይበተን በማለዳ መድረስ ነው።

ተረት፦ ጥንብ አንሳ ቆሻሻ ነው፤ በሽታ ያዛምታል።

እውነት፦ ተቃራኒው ነው። የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ በመሆኑ የሞተ ከብት ሥጋ ውስጥ ያሉ ብዙ ተህዋስያንን ይገድላል። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ሕንድ አይታዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከብት የሚታከምበት ዳይክሎፌናክ የተባለ የህመም ማስታገሻ በበድኑ ውስጥ እየቀረ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥንብ አንሳዎችን ፈጀ። የተረፈውን ጥንብ የሚበሉ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋትም አብሮ አደገ። መድኃኒቱ ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል የታገደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

በአፍሪካ ዋነኛው ገዳይ መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአህጉሩ የጥንብ አንሳ ዝርያዎች ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ላይ ሰፈሩ፤ አራቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ። ለጅብ ተብሎ የተመረዘ አንድ በድን፣ ተሰብስበው የሚበሉ ናቸውና፣ በደርዘን የሚቆጠሩትን በአንድ ቀን ሊጨርስ ይችላል። ጅብ ከብት የበላበት ጎረቤት መርዝ ከመግዛቱ በፊት በረቱን አጥብቆ እንዲያጥር እናግዘው። በረት ማጠር የአንድ ቀን ደቦ ነው፤ ጥንብ አንሳ ግን በአብዛኛው በዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ስለሚጥል ያለቀው መንጋ በቀላሉ አይተካም።