ሁለት መሣሪያ በአንድ ቁጥር

ላፍቶ ዋናው መንገድ ዳር ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ የተከራየ አንድ አነስተኛ ቢሮ እናስብ። አምስት ስድስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ኮሪደሩ ላይ ሁለት ካሜራ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ራውተርና ስዊች አሉ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ፒችትሪ ላይ እየሠራች ሳለ ፕሮግራሙ ይዘጋባታል። አጠገቧ ያለው ባልደረባዋ ግን ምንም አልሆነም። ትንሽ ቆይቶ ይመለስላታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይሄዳል። «ዛሬ ኔትወርክ የለም» ይባላል፣ ወደ 994 ይደወላል፣ ራውተሩ ጠፍቶ ይበራል።

ልብ ቢባል ግን ፒችትሪ ለዚህ ሥራ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የሂሳብ መዝገቡ ያለው እዚያው ቢሮ ውስጥ ባለው ዋና ኮምፒውተር ላይ ነው። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣው መስመር ቢቆረጥ እንኳ ሠራተኛዋ ሥራዋን መቀጠል ነበረባት። እንዲህ ያለ ብልሽት ሲያጋጥም፣ በተለይ አንዱን መትቶ ሌላውን ሲተው፣ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት የአይፒ ግጭት ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዓይነት አድራሻ ይዘዋል ማለት ነው።

አይፒ አድራሻ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲወጣ ያስገኘው የአድራሻ ብዛት 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ያን ጊዜ የማያልቅ ይመስል ነበር፤ አልቋል። እጥረቱ ከሩቅ መታየት ሲጀምር፣ በየካቲት 1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ደንብ ማንም ሳያስፈቅድ በግቢው ውስጥ የሚጠቀምባቸው ሦስት የአድራሻ ክልሎች ተለዩ።  በየቤታችን ራውተር ላይ የምናየው በ192.168 የሚጀምረው ቁጥር ከእነዚህ ክልሎች አንዱ ነው። ለቡ ያለ ክሊኒክና መካኒሳ ያለ ማተሚያ ቤት ሁለቱም 192.168.1.20 የሚባል ኮምፒውተር ሊኖራቸው ይችላል፤ የቤት ቁጥር 214 በየወረዳው እንዳለ ሁሉ ማለት ነው። ችግር የሚፈጠረው በአንዱ ወረዳ ውስጥ ሁለት 214 ሲገኝ ነው።

ሁለት ሲሆኑ በኬብሉ ውስጥ ምን ይሆናል? ኮምፒውተሮች በአንድ ስዊች ላይ ሲነጋገሩ መልእክቱን የሚያደርሰው የአይፒ ቁጥሩ አይደለም። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣው ማክ አድራሻ የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። የሠራተኛዋ ኮምፒውተር ዋናውን ኮምፒውተር ሲፈልግ «192.168.1.20 የማን ነው?» ብሎ ለሁሉም ይጣራል። ባለቤቱ «የእኔ ነው፣ ማኬ ይኸውና» ይላል፤ ጠያቂውም ለጥቂት ጊዜ መዝግቦ ይይዘዋል። አርፕ የሚባለውን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 የጻፈው ዴቪድ ፕላመር ነው፤ መላሹ ይዋሽ ወይም ይሳሳት እንደሆነ የሚመረምር ነገር የለውም። ሁለት መሣሪያዎች «የእኔ ነው» ካሉ ብዙውን ጊዜ ተመዝግቦ የሚቀረው በኋላ የመለሰው ነው። ቁጥሩን የተጋራው ሌላው መሣሪያ ካሜራ ነው እንበል፤ በዚህ መሀል ለዋናው ኮምፒውተር የተላከው የሂሳብ መረጃ ካሜራው ዘንድ ይደርሳል። ካሜራው ስለ ፒችትሪ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ይጥለዋል። መዝገቡ ታድሶ ትክክለኛው ባለቤት በኋላ የመለሰው ሲሆን ሥራው ይመለሳል። «ይመጣል፣ ይሄዳል» የሚባለው ይኸው ነው።

ዊንዶውስ አድራሻ ከመያዙ በፊት ስለ ራሱ ቁጥር ይጠይቃል። ሌላ መሣሪያ ከመለሰለት «ይህ አድራሻ ተይዟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣና ቁጥሩን ይተዋል። ይህ ጥንቃቄ በደንብ መልክ ተጽፎ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን ጸሐፊው የአፕል ባልደረባ የሆነው ስቱዋርት ቼሻየር ነው። ርካሽ ካሜራዎችና ያረጁ ፕሪንተሮች ግን መጠየቅ የሚባል ነገር አያውቁም፤ የተሰጣቸውን ይዘው ቁጭ ነው።

ታዲያ አንድ ቁጥር እንዴት ለሁለት ይደርሳል? ራውተሩ ለገባው ሁሉ ቁጥር በራሱ ያድላል፤ ይህ ዲኤችሲፒ የሚባለው ሥራው ነው። አዳዩ አንድ ብቻ እስከሆነና ሁሉም ከእሱ እስከተቀበለ ድረስ ግጭት አይመጣም ማለት ይቻላል። ነገሩን በመጀመሪያ የሚያበላሸው ከእጁ ሳይቀበል የሚገባው ነው። ካሜራ የሚተክለው ባለሙያ ሥራው ካሜራው እንዲታይ ማድረግ ስለሆነ ቁጥሩን በእጁ ሞልቶ ይሄዳል፤ ወይም ከፋብሪካ የመጣውን እንዳለ ይተወዋል። ዳሁዋ ካሜራ ከካርቶኑ ሲወጣ 192.168.1.108 ይዞ ነው። በርካታ የቲፒ ሊንክ ራውተሮች ደግሞ የሚያድሉት ከ100 እስከ 199 ያለውን ነው። 108 ላይ የተቀመጠውን ካሜራ ራውተሩ ስለማያውቀው አንድ ቀን ያንኑ ቁጥር አውጥቶ ለእንግዳ ስልክ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች ለማን ምን እንደሰጡ የሚይዙት በጊዜያዊ ማስታወሻቸው ላይ ስለሆነ መብራት ሲሄድ ይረሱታል። በየቢሮው የምናየው ደግሞ ኮምፒውተሮቹና ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ፣ ራውተሩ ግን ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሮቹ ምንም እንዳልተፈጠረ የድሮ ቁጥራቸውን ይዘው ይሠራሉ፤ ራውተሩ ከባዶ ይጀምራል። ጠንቃቃ ራውተር ከመስጠቱ በፊት ቁጥሩ መያዝ አለመያዙን ይጠይቃል፤ ሁሉም ግን ጠንቃቃ አይደለም። ራውተሩን ወደ ዩፒኤሱ ማዛወር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለምን እንደማይደረግ አይገባኝም።

ሦስተኛው፣ በተለይ በጀሞ ኮንዶሚኒየሞችና ፎቅ ለፎቅ መስመር በሚጋሩ ቢሮዎች የሚታየው፣ ሁለተኛው ራውተር ነው። ዋይፋዩ መኝታ ቤት አልደርስ ይላል፤ ከመርካቶ ሌላ ራውተር ተገዝቶ ይመጣና ኬብሉ በተገኘው ቀዳዳ ይሰካል። አሁን አዳዮቹ ሁለት ሆኑ፤ እርስ በርስም አይተዋወቁም። ብሶ ደግሞ ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ሊጠሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ የሚጋጨው በሩ ራሱ ነውና ቤቱ በሙሉ ይታወካል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የአዲሱን ራውተር ቁጥር መቀየር፣ እደላውን ማጥፋትና ኬብሉ «ዋን» የሚለው ቀዳዳ ላይ ካለ ነቅሎ «ላን» ከሚሉት በአንዱ መሰካት።

ተጋጪውን ማግኘት ደግሞ ትዕግሥት ይፈልጋል። የሚጠረጠረው ቁጥር 192.168.1.20 ነው እንበል። ይህ ቁጥር ያለው ኮምፒውተር ኬብሉ ይነቀልና ሌላ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስኮቱ ይከፈታል። ፒንግ ተብሎ ቁጥሩ ይጻፋል። አንድ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ከመዝገቡ እስኪወጣ። ባለቤቱ ተነቅሎ ሳለ መልስ ከመጣ ሌላ ሰው ቤቱ ውስጥ አለ። መልስ ባይመጣም ነገሩ አልለየለትም፤ አንዳንድ ኮምፒውተር ለፒንግ እንዳይመልስ ተዘግቷል። ስለዚህ አርፕ ብሎ ከሰረዝ ጋር ኤ በመጻፍ መዝገቡን ማየት ነው። ከቁጥሩ ጎን ስድስት ጥንድ ምልክት ያለው ማክ አድራሻ ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥንዶች የአምራቹ መለያ ናቸው፤ ኢንተርኔት ላይ ሲፈለጉ ካኖን ወይም ሂክቪዥን የሚል ስም ያመጣሉ። ካኖን ካለ ወደ ፕሪንተሩ ሄዶ ጀርባው ላይ ወይም በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ማክ ማመሳከር ብቻ ነው የሚቀረው። ሁለተኛው ምልክት 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ከሆነ ግን አምራች መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ የዘመኑ ስልኮች ዋይፋይ ላይ ሲገቡ እውነተኛ ማካቸውን ደብቀው የፈጠራ ይሰጣሉና።

ይህም ካልሠራ የቀረው የድሮው ዘዴ ነው፦ ፒንጉ ሳያቋርጥ እንዲሄድ አድርጎ ከስዊቹ ኬብል አንድ በአንድ መንቀል። መልሱ ቀጥ ያለበት ኬብል ወደ ጥፋተኛው ይወስዳል። ይህን ግን በምሳ ሰዓት ማድረግ ይሻላል፤ በሥራ ሰዓት የሚመጣውን ጩኸት የቻለ የለም።

ራውተር አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ «ይሠራል» የሚባለው ቁጥሮቹን ስለሚበውዛቸው ነው። ግጭቱ ለሁለት ቀን ይሰወርና ሌላ ሰው ላይ ይወጣል፤ ፈላጊውንም ከዱካው ያርቀዋል። ዘላቂው መላ ቁጥሮቹን መክፈል ነው፦ ከ2 እስከ 99 ያለው ቦታ ለማይንቀሳቀሱት፣ ለዋናው ኮምፒውተር፣ ለፕሪንተርና ለካሜራ ይሰጣል፤ ራውተሩ ከ100 ወዲያ ያለውን ብቻ እንዲያድል ይታዘዛል። ከዚህም የሚሻለው ለእያንዳንዱ ቋሚ መሣሪያ ቁጥሩን በማኩ ራውተሩ ላይ ማስያዝ ነው። አብዛኞቹ ራውተሮች ይህን ይፈቅዳሉ፤ መሣሪያው ከራውተሩ እጅ ስለሚቀበልም ቁጥሩ ለሌላ አይሰጥም።

ይህ ሁሉ ግን አንድ ገጽ ወረቀት ከሌለ በሚቀጥለው ተከላ ይፈርሳል። የመሣሪያው ስም፣ ቁጥሩ፣ ማኩ፣ የገባበት ቀን፤ ሌላ አያስፈልገውም። ካሜራ ወይም ፕሪንተር የሚያስገባላችሁ ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ መሰላሉን ሲያጣጥፍ፣ የሞላውን ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ሳታስጽፉ ሂሳቡን አትክፈሉት።