የኮሞዶር 64 ወዳጆች በሹክሹክታ የሚያወሩት

ጠጋ በሉ፣ ይህ በአደባባይ የሚወራ አይደለም። የድሮ ኮምፒውተር ወዳጆች ለሰው የሚያሳዩት ፎቶ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ የተወለወለ ቡናማ ሣጥን፣ ሰማያዊ ስክሪን፣ ጎኑ የካሴት ማጫወቻ፣ ከሥሩ ደግሞ «አርባ ዓመት አልፎት ዛሬም ይሠራል» የሚል ኩራት። ስንት ጊዜ ሞቶ እንደተነሳ፣ ምን ምኑ እንደተቀየረ ማንም አይጽፍም። እኔም ከማኅበርተኞቹ አንዱ ነኝ፤ የጓዳውን ልንገራችሁ፣ ማን ነገራችሁ ሲሏችሁ ግን ስሜን አታንሱ።

የማወራው ስለ ኮሞዶር 64 ነው። ሌሎችም አሉ፤ የእንግሊዞቹ ዜድኤክስ ስፔክትረም፣ አታሪ፣ አፕል 2። የዚህኛው ጠባይ ግን ይበልጥ ይገባኛል። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ያዙልኝ። ማሽኑ በ1982 በ595 ዶላር ገበያ ወጣ፤ በዓመቱ ወደ 200 ዶላር ግድም ወረደ። የኮሞዶር መሥራች ጃክ ትራሚየል ፖላንድ ተወልዶ ከአውሽዊትዝ የተረፈ፣ አሜሪካ ገብቶ የጽሕፈት መኪና በመጠገን የጀመረ ሰው ነው፤ ዋጋ መስበር ያውቅበት ነበር። ኮሞዶር ሞስ ቴክኖሎጂ የተባለውን የቺፕ ፋብሪካ በ1976 ጠቅልሎ ስለገዛ፣ ተፎካካሪዎቹ ገበያ ወጥተው የሚገዙትን ዕቃ እሱ ከገዛ ቤቱ ያመጣው ነበር። ምን ያህል እንደተሸጠ ዛሬም ያከራክራል፤ ግምቱ ከ12.5 እስከ 17 ሚሊዮን ይደርሳል። ኩባንያው በ1994 ከሰረ። ስለዚህ አሁን እጃችን የሚገባው ዋናው ማሽን ሁሉ ከጀርመን ምድር ቤት፣ ከእንግሊዝ ጣሪያ ሥር ወይም ከአሜሪካ ጋራዥ የወጣ አሮጌ ዕቃ ነው።

የመጀመሪያው ምሥጢር ገዳዩ ማን እንደሆነ ነው። ኮምፒውተሩን የሚገድለው አብሮት የሚመጣው አዳፕተር ነው። ጡብ የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው፤ ውስጡ በሙጫ ተሞልቶ ስለደረቀ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ ፈትቶ መጠገንም አይታሰብም። ከውስጡ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይወጣል፤ 9 ቮልት ተለዋዋጭና 5 ቮልት ቀጥተኛ። ነገረኛው ባለ 5ቱ ነው። መቆጣጠሪያው ሲያረጅ እንደ ሌላ ዕቃ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ቮልቱን ሽቅብ ይለቀዋል። 6 ወይም 7 ቮልት ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚቃጠሉት የማስታወሻ ቺፖቹ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ሲለኩት ጨዋ መስሎ መገኘቱ ነው። ባዶውን በቴስተር ስትለኩት ልከኛ 5 ቮልት ያሳያችኋል፤ ማሽኑ ላይ ተሰክቶ ሲሞቅ ያመልጣል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ዋናው አዳፕተር ለጌጥ እንጂ ለሥራ አይደለም። አዲስ የተሠራ ይገዛል፣ ወይም ቮልቱ ከፍ ሲል ቆርጦ የሚያስቀር ትንሽ መሣሪያ መሀል ላይ ይገባል። ፎቶው ላይ ጎኑ ተቀምጦ የምታዩት ግን ያው አሮጌው ነው፤ ገመዱን ብትከተሉት የትም አልተሰካም።

ሻጮቹ ደግሞ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። «አልተሞከረም» የሚላችሁ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሞክሮታል፣ አልሠራለትም። «የሚሰካበት ቴሌቪዥን ስለሌለኝ» የሚለው ይብሳል። ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ እኛ ቀድመን የምንጠረጥረው ፒኤልኤ የሚባለውን ቺፕ ነው፤ በጣም ስለሚግል ቶሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ስምንቱ የማስታወሻ ቺፖች ይመረመራሉ። በጣት እየነኩ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚያቃጥለውን መፈለግ የታወቀ ዘዴ ነው፤ የሞኝ ሥራ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ በሽተኛውን ያገኘዋል። የዲስክ ማጫወቻው 1541ም የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ሙሉ ኮምፒውተር ሆኖ ሳለ በሰከንድ ከ400 ባይት ብዙም አያስተላልፍም፤ ስለዚህ በሚሞሪ ካርድ ይተካል። እንዲህ እየተባለ ፒኤልኤው በአዲስ፣ ማስታወሻው በአዲስ፣ አዳፕተሩ በአዲስ ይለወጥና የቀረው ሣጥኑ ብቻ ይሆናል። እሱም፣ በተለይ ነጣ ያለው የኋለኛው ሞዴል፣ ቢጫ ስለሚሆን ፀጉር በሚያነጡበት ፐርኦክሳይድ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ይነጣል። ውሎ አድሮ ቢጫው ይመለሳል፤ ያኔ ፎቶ የሚያነሳ የለም።

ሲድ የሚባለው የድምፅ ቺፕ ላይ ግን ቀልድ የለም። የነደፈው ቦብ ያኔስ ነው፤ ኋላ ኤንሶኒክ የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆኗል። ሲጀምርም ሐሳቡ የጌም ጩኸት አልነበረም፣ ሦስት ድምፅ ያለው ሲንተሳይዘር ነበር። ፊልተሩ አናሎግ ስለሆነ፣ 6581 የሚባለው የመጀመሪያው ዓይነት ከአንዱ ቺፕ ወደ ሌላው ድምፁ ይለያያል፤ አንዱ ወፈር፣ ሌላው ፈዘዝ ይላል። ፋብሪካው ከተዘጋ ስለቆየ አዲስ ሲድ አይወለድም። ስለዚህ የሌላ ቺፕ ፊት ፍቀው 6581 ብለው ጽፈውበት የሚሸጡ አሉ። «አዲስ፣ ያልተነካ» የተባለ ሲድ በርካሽ ካያችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አስቀምጡ። ደግሞ ይህን ለማንም አትንገሩ፤ ከእኛ መሀል በዘመናዊ ምትክ እየተጠቀሙ ለእንግዳ «ዋናው ነው» የሚሉ ሞልተዋል። እንግዳውም አይለየውም።

አሁን ወደ ትልቁ ምሥጢር ልምጣ። ለዚህ ማሽን ዛሬም አዲስ ጌም ይወጣል፤ ጀርመኖቹ ናይትስ ኦፍ ባይትስ በ2017 ያወጡት ሳምስ ጀርኒ አንዱ ነው፣ ግሩም ሥራ ነው። ሰው የሚያስበው ታዲያ ፕሮግራመሩ ያንን ወፍራም ኪቦርድ ታቅፎ ሌሊቱን ሲያነጋ ነው። ብዙዎቻችን እንዲያ አንሠራም። ኮዱን የምንጽፈው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው አሴምብለርም እዚያው ነው። ሙከራው ቫይስ በሚባል ነፃ ኢሙሌተር፣ ማለትም አሮጌውን ማሽን ላፕቶፕ ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም ላይ ይካሄዳል። እውነተኛው ማሽን የሚበራው መጨረሻ ላይ፣ ለማረጋገጥና ለፎቶ ነው። ኢሙሌተሩን መሀል ላይ አቁሞ እያንዳንዱ ባይት ምን እንደያዘ ማየት ይቻላል፤ ይህን የቀመሰ ሰው ወደ ካሴት አይመለስም። ነውር የለበትም ባይ ነኝ። «በዋናው ማሽን ላይ ብቻ ነው የምጽፈው» የሚሉትንም አውቃለሁ፤ ብዙ ያወራሉ፣ ጥቂት ይጨርሳሉ።

ታዲያ ደስታው የቱ ላይ ነው? ማሽኑን አብሩትና እዩ። ዝመና የለ፣ የይለፍ ቃል የለ፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ቤዚክ ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 38911 ባይት ነፃ መሆኑን ይነግራችሁና ትእዛዝ ይጠብቃል። ፖክ ብላችሁ 53280፣ ነጠላ ሰረዝ፣ 0 ስትጽፉ የስክሪኑ ዳር ጥቁር ይሆናል። 53280 የዳሩ ቀለም አድራሻ ነው፤ በእናንተና በቺፑ መካከል ደላላ የለም። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ምት ገደማ፣ ማስታወሻው 65,536 ባይት። አንድ ሰው አጥንቶ ሊጨርሰው የሚችል ማሽን ነው። የዛሬውን ላፕቶፕ ከሠሩት መሐንዲሶች ሙሉውን የሚያውቅ አንድም አይገኝም።

አጥንተው የጨረሱት ደግሞ ነዳፊዎቹ ያላሰቡትን አወጡበት። የአውሮፓው ማሽን ስክሪኑን በ312 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይስላል፤ አሁን ስንተኛው መስመር ላይ እንዳለ ፕሮግራሙ ከአድራሻ 53266 ማንበብ ይችላል። ከስክሪኑ በላይና በታች ምንም የማይሳልበት ዳር አለ። ቪክ የተባለው የሥዕል ቺፕ ጽሑፉ 25 ረድፍ ከሆነ ታችኛውን ዳር 251ኛው መስመር ላይ ይዘጋል፣ 24 ረድፍ ከሆነ 247ኛው ላይ። እንግዲህ 25 ብላችሁ ትጀምራላችሁ፤ 249ኛው መስመር ላይ ስትደርሱ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ 24 ትሉታላችሁ። ቪክ ግራ ይገባዋል። 247 አልፏል፣ 251 ደግሞ አሁን አይመለከተውም። ሳይዘጋ ይቀራል፣ ላዩም ታቹም ክፍት ሆኖ ሥዕል ይንሸራሸርበታል። ስክሪኑ በተሳለ ቁጥር ይህን ማታለያ መድገም ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ብልሃት በሙዚቃና በሥዕል አስውበው የሚያቀርቡት ሥራ ዲሞ ይባላል፤ ቡድኖቹ በምዕራባውያን ፋሲካ ጀርመን፣ ዛርብሩከን ከተማ፣ ሪቪዥን በሚባለው ውድድር ይገናኛሉ። ፊንላንድ በ2020፣ ጀርመን በ2021 ይህን ባህል በየሀገራቸው የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስፍረውታል። የአሜሪካው ማሽን መስመሩም ፍጥነቱም ስለሚለይ፣ ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ከጎረቤት ጋራዥ ያገኛችሁት ላይ ብዙው ዲሞ ቢንገዳገድ አትደንግጡ።

ለእኛ ለሐበሾቹ ሌላ ፈተና አለ፤ ፊደላችንን ማስገባት። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 256 ቅርጾች ይይዛል፣ እያንዳንዱ 8 በ8 ነጥብ። 33 በ7 ሲባዛ 231፤ ይገባል፣ እንዲያውም 25 ይተርፋል። ደስታው እዚህ ላይ ያበቃል። ከ25ቱ 10 ለቁጥር፣ ጥቂቱ ለአራት ነጥብ፣ ለሰረዝና ለጥያቄ ምልክት ሲሄድ፣ እነ ሏ፣ ሟ፣ ቷ፣ ኳ በቀረችው ቦታ ይጣላሉ። ከዚያ ስፋቱ ይመጣል። ኮሞዶር የራሱን የላቲን ፊደል ቋሚ መስመር በ2 ነጥብ ውፍረት የሚስለው በምክንያት ነው፤ ባለ 1 ነጥቡ በአሮጌ ቴሌቪዥን ላይ ቀለሙ ይፈሳል። ሐን ያዙ። ሦስት እግር ባለ 2 ነጥብ ውፍረት ሲሆን 6፣ መሀል ላይ ሁለት ክፍተት፣ 8 ሞላ፤ ከጎረቤቷ ተጣበቀች። በ1 ነጥብ ብታቀጥኗት 5 ላይ ትቆማለች፤ ሑ ስትሆን ለቅጥያዋ 2፣ ከጎረቤት ለመለያየት 1፣ ልክ 8። ኢሙሌተር ላይ ጥርት ብላ ትነበባለች፣ ቴሌቪዥን ላይ ጭጋግ ትለብሳለች። 256 አልበቃኝ ያለ ደግሞ ያንኑ መስመር የመቁጠር ዘዴ ተጠቅሞ ስክሪኑ መሀል ላይ የፊደል ሠንጠረዡን መቀየር ይችላል፤ ላዩ አንድ ገበታ፣ ታቹ ሌላ። ትርፍም አለው። ዛሬ በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ እዚህ 1 ባይት ይበቃዋል።

አንዲት ሐሜት ላክል። የዚህ ማሽን ቤዚክ መሠረቱ የማይክሮሶፍት ሥራ ነው። ኮሞዶር በ1977 ለፔት ኮምፒውተሩ አንዴ ከፍሎ ወሰደው፤ የ64 መክፈቻ ስክሪን ላይ የማይክሮሶፍት ስም የለም። ማይክሮሶፍቶች ግን ሞኝ አልነበሩም። በአንዳንድ የፔት ሞዴሎች ላይ ዌት ብላችሁ 6502፣ ነጠላ ሰረዝ፣ 1 ስትጽፉ፣ የኩባንያቸው ስም ከነቃለ አጋኖው ብቅ ይላል። በ2025 የዚያን ቤዚክ ኮድ ለሕዝብ ከፍተውታል፣ ገብታችሁ አንብቡት።

መጀመር የምትፈልጉ፣ ማሽን ለመግዛት አትቸኩሉ። ከገዛችሁም «አልተሞከረም» የተባለውን በሚሠራ ዋጋ አትክፈሉ፣ ጥቁሩን አዳፕተር ወደ መደርደሪያ ላኩት። ቫይስ ግን ነፃ ነው፣ ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ይሸከመዋል። ዛሬ ማታ አውርዱና ፖክ እያላችሁ ተጫወቱ። ሑን በ2 ነጥብ ውፍረት 8 በ8 ውስጥ አስገብቶ፣ ከጎረቤቷም ለይቶ ያሳየ ካለ እኔንም ያስተምረኝ።