ስሞግ ቼክ የጣላት መኪና

ካሊፎርኒያ ውስጥ ዕድሜዋ የገፋ መኪና ያለው ሰው በየሁለት ዓመቱ ስሞግ ቼክ የሚባለውን የጭስ ምርመራ ማስደረግ አለበት። ምርመራውን ያላለፈች መኪና ምዝገባዋ አይታደስም፤ በአገራችን አነጋገር ቦሎ አታገኝም ማለት ነው። መኪናው የወደቀችበት ሰው ምክር ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ካታሊቲኩ ሞቷል፣ ቀይረው» የሚል ነው። አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ነገር ግን ከሁሉም ውዱን ዕቃ፣ የጭሱን ጋዝ የሚያጸዳውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር፣ ከሁሉም አስቀድሞ የሚያስገዛ ምክር ነው። መርማሪው በሚሰጠው ወረቀት ላይ ችግሩ የት እንዳለ የሚጠቁሙ ቁጥሮች ሰፍረዋል። አብዛኛው ሰው ግን «ወድቃለች» የሚለውን አንብቦ ወረቀቱን ያጥፈዋል። ይህ ጽሑፍ ስለነዚያ ቁጥሮች ነው።

ምርመራው መነሻ አለው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በሐምሌ 1943 ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚቆጠቁጥ ጭጋግ ሲሸፍናት ወቅቱ ጦርነት ነበርና ነዋሪው ጠላት ጋዝ የለቀቀ መሰለው። ቀጥሎ ለሰው ሠራሽ ጎማ ግብዓት የሚያመርት ፋብሪካ ተጠረጠረ፤ ፋብሪካው ለጊዜው ሲዘጋም ጭጋጉ አልሄደም። እንቆቅልሹን የፈታው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም (ካልቴክ) ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ናይትሮጂን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ኦዞን እንደሚፈጥሩ አሳየ። የሁለቱም ዋና ምንጭ መኪና ነበር። ግዛቲቱ ስሞግ ቼክን የጀመረችው በ1984 ነው። ጭስ ፈጽሞ የማይታይባት መኪናም ልትወድቅ ትችላለች፤ መሣሪያው የሚፈልገው እነዚህን ዓይን የማያያቸውን ጋዞች ነው።

ከ2000 ወዲህ የተሠራች የቤንዚን መኪና የምትመረመረው በዋናነት ኮምፒውተሯ ላይ በሚሰካ ገመድ ነው። ከ1976 እስከ 1999 የተሠሩት ግን በትልልቆቹ ከተሞች አካባቢ አብዛኞቹ ሮለር ላይ ይወጣሉ። መኪናዋ ቆማ ጎማዋ ይሽከረከራል፣ ሮለሩ ሞተሯን ዳገት የምትወጣ ያህል ያስጨንቀዋል፣ ጭስ ማውጫው ውስጥ የገባ ቱቦ ጋዙን እየሳበ ይለካል። መጀመሪያ በሰዓት 15 ማይል፣ ቀጥሎ በ25 ማይል። ወረቀቱ ላይ ለሁለቱም ፍጥነቶች ሦስት ጋዞች ይመዘገባሉ፤ ሃይድሮካርቦን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ናይትሪክ ኦክሳይድ። ከጎናቸው የተፈቀደው ጣሪያ አለ።

ሃይድሮካርቦን ሳይቃጠል ያመለጠ ቤንዚን ነው። እሱ ብቻውን ከፍ ካለ የእሳት ችግር አለ ብሎ መነሳት ይቻላል፤ ያረጀ ካንዴላ፣ እሳት የሚያሾልክ የካንዴላ ገመድ፣ የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ መጀመሪያ መታየት ያለባቸውም እነሱ ናቸው። የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም እንዲሁ ያደርጋል፤ ትርፍ አየር ሲገባ ድብልቁ ይሳሳና አንዳንዱ ሲሊንደር እሳት ሳይዝ ይቀራል። ካንዴላውም ቱቦውም ደህና ከሆኑ ኮምፕሬሽን መለካት ነው። የተቃጠለ ቫልቭ ከተገኘ ወጪው ከፍ ይላል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ያለ እንደሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ አየር አንሷል። ከዚህ ውጪ ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። የሚያበዛው ማነው የሚለው ነው ሥራው። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ያስባል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ተከፍቶ የቀረ ቴርሞስታት ያው ነው። የቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ውስጡ ተቀዶ ከሆነ ወደ እሱ የሚሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ነቅሎ ማሽተት በቂ ነው፤ ቤንዚን መሽተት የለበትም። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ዘይቱን ነው። ቤንዚን ሲበዛበት የኖረ ሞተር ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ያጠራቅማል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ያ ቤንዚን ተንኖ ተመልሶ ይሳባል። ከምርመራ በፊት ዘይት መቀየር ልማድ ብቻ ሳይሆን ምክንያት ያለው ነገር ነው።

ናይትሪክ ኦክሳይድ ከሁለቱ ይለያል። እሱ የቃጠሎ ጉድለት ሳይሆን የሙቀት ብዛት ውጤት ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ 1,370 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲያልፍ የአየሩ ናይትሮጂንና ኦክስጅን ይዋሃዳሉ። ቆሞ በሚሠራ ሞተር ብዙም አይፈጠርም፤ ሮለሩ የተፈለገውም ለዚህ ነው። አሮጌዎቹ መኪኖች ሙቀቱን የሚያበርዱበት ኢጂአር የሚባል ቫልቭ አላቸው፤ የተቃጠለውን ጭስ በጥቂቱ መልሶ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ቫልቩ እየሠራ መተላለፊያው በጥላሸት ሊደፈን ይችላል፤ ስለዚህ ቫልቩን ከመቀየር በፊት ቀዳዳዎቹን መጥረግ ይገባል። የራዲያተር መደፈን፣ ከልክ በላይ የቀደመ እሳትና የሳሳ ድብልቅም ይህንኑ ቁጥር ያንራሉ።

ሦስቱም አብረው ከፍ ሲሉ ነው ጣት ወደ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩ የሚያመለክተው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ሴራሚክ ነው፤ በላዩ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ተቀብቷል። የሚሠራው ሁለት ነገር ሲሟላለት ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ካልደረሰ ሥራ አይጀምርም፤ ከቤት ወጥታ በቅርብ መንገድ የደረሰች መኪና ደህና ሆና ልትወድቅ የምትችለው በዚህ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል አውራ ጎዳና ላይ ነድቶ፣ ሞተሩን ሳያጠፉ ተራ መጠበቅ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሚዛን ነው፤ ለአንድ እጅ ቤንዚን 14.7 እጅ አየር በክብደት። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው የኦክስጅን ሴንሰሩ ነው። ጤነኛ ሴንሰር ቮልቴጁ ከ0.1 እስከ 0.9 ባለው መካከል ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። ያረጀው ይዘገያል፣ ወይም አንድ ቦታ ይቆማል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። ከሴንሰሩ በፊት ጭስ ማውጫው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካለ የውጭ አየር ይገባል፤ ሴንሰሩ ኦክስጅን በዝቷል ይላል፣ ኮምፒውተሩም አምኖት ቤንዚን ይጨምራል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይንራል። ባለቤቱ ሴንሰር ይቀይራል፤ አይሻሻልም። ኢንጀክተር ያሳጥባል፤ አይሻሻልም። በመጨረሻ ካታሊቲክ ይገዛል፤ አዲስ ስለሆነ ለጊዜው ያልፍለታል። የበዛው ቤንዚን ግን አዲሱንም ከልክ በላይ እያሞቀ ይገድለዋል። ካታሊቲክ በራሱ ጊዜ ይሞታል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ገዳይ አለው፤ የማይነድ ካንዴላ፣ የሚቃጠል ዘይት፣ ወደ ሲሊንደር የሚገባ የራዲያተር ውሃ። ገዳዩ ሳይገኝ አዲስ መግጠም ሰውየውን ለሁለተኛ ወጪ ማዘጋጀት ነው። መቀየሩ ግድ ከሆነ ደግሞ ካሊፎርኒያ የምትቀበለው የመኪናው አምራች ራሱ የሠራውን ወይም የግዛቲቱ የፈቃድ ቁጥር የታተመበትን ብቻ ነው፤ ከሌላ ግዛት በርካሽ የመጣው መርማሪው ዝቅ ብሎ ሲያየው ይጥለዋል።

ባትሪ ነቅሎ የቼክ ኢንጅን መብራቱን ማጥፋትም መፍትሔ አይሆንም። ከ1996 ወዲህ ያሉ መኪኖች ኮምፒውተር ራሱን የሚፈትንባቸው ዝርዝሮች አሉት፤ ባትሪ ሲነቀል ሁሉም ይሰረዛሉ፣ ተመልሰው እስኪሟሉም የቀናት መንዳት ሊጠይቁ ይችላሉ። መርማሪው ባዶ መሆናቸውን ያያል።

ይህ እውቀት አዲስ አበባ ላይም ይሠራል፣ እንዲያውም በአንድ ነገር ይብሳል። ከተማዋ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ያላት አሮጌ ኮሮላ እዚያ ስትወጣ ቤንዚኑ ሳይቀነስ አየሩ ይቀንስባታል። ካንዴላዋ በጥላሸት ሲጠቁር ባለቤቱ ካንዴላ ይቀያይራል፤ መስተካከል ያለበት ካርቡራተሩ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ያሉት እየቆዩ ይሄዳሉ። የጋዝ መለኪያ ያለው ጋራዥ እዚያ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል ብዬ አምናለሁ።

ካሊፎርኒያ ላለ ሰው ሁለት ነገር ልጨምር። ዋናው ምርመራ ውጤቱ በቀጥታ ለግዛቲቱ ይላካል፤ ስለዚህ አስቀድሞ የማይላክ ቅድመ ምርመራ እንዲደረግለት መጠየቅ ይችላል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ደግሞ የግዛቲቱ የመኪና ጥገና ቢሮ ለወደቁ መኪኖች የጥገና ድጎማ ይሰጣል። ማመልከቻው ግን ጥገናው ከመጀመሩ በፊት መጽደቅ አለበት፤ አስቀድሞ በራስ ኪስ ለተሠራ ሥራ የወጣ ገንዘብ አይመለስም።