ዝንብ ስንት ክንፍ አላት?

አንባቢ ሆይ፥ ዝንብ ስንት ክንፍ አላት? ይህን ጥያቄ የምናቀርበው ለቀልድ አይደለም። ዝንብን የማያውቅ ሰው የለም፤ በምሳ ጊዜ ከገበታችን፥ በሥራ ሰዓት ከጠረጴዛችን፥ በጉዞም ላይ ከመኪናው መስኮት ሳትለየን የምትኖር ጎረቤታችን ናት። ነገር ግን እሽ እያልን ከማባረር በቀር አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብለን አስተውለን ያየናት ስንቶቻችን ነን? እኛም በበኩላችን አንድ የአራተኛ ክፍል መምህር ይህንኑ ጥያቄ ባቀረቡልን ጊዜ፥ ጥቂት እንኳ ሳናመነታ «አራት» ብለን መለስን። ተሳስተን ነበር። ትክክለኛውን መልስ ያገኘነው ከአንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ደብተር ላይ ነው፤ የዛሬው ጽሑፋችን መነሻም ይኸው ደብተር ነው።

ከክፍሉ በስተጀርባ

ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳርቻ ላይ የተሠራ ነው። ከመማሪያ ክፍሎቹ በስተጀርባ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚኮተኩቱት የጎመንና የባቄላ መደብ ይገኛል። እኛ የደረስነው ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ በፈነዳበት በመስከረም መጨረሻ፥ በማለዳ ነበር። ልጆቹ አራት አራት እየሆኑ በመደቡ ዙሪያ ተንበርክከዋል፤ እያንዳንዱም ቡድን ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ አንድ የውኃ ጠርሙስ፥ አንድ እርሳስና አንድ ደብተር ይዟል። ለትምህርቱ የወጣው ወጪ ይኸው ብቻ ነው።

መምህሩ ለተማሪዎቻቸው የሰጧቸው ሕግ ሦስት ነው። አንደኛ፥ ከመንካትህ በፊት ተመልከት፤ ሁለተኛ፥ የሰማኸውን ሳይሆን ያየኸውን ጻፍ፤ ሦስተኛ፥ ተመልክተህ ስትጨርስ ከያዝህበት ቦታ መልሰህ ልቀቅ። «ስሙንስ መቼ ያውቁታል?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል። አስቀድሜ ከነገርኋቸው ያወቁት ይመስላቸውና መመልከታቸውን ይተዉታል» አሉን። እኛም አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉትን አስታወስን።

በዚሁ መካከል አንድ ልጅ ጀርባዋ ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጥብ የጣለባት ትንሽ ጥንዚዛ ከባቄላው ግንድ ላይ አገኘና ሊጨፈልቃት ጣቱን አነሣ። መምህሩ አልተቆጡም፤ «እስቲ ጥቂት ጠብቅና ምን እንደምትበላ ንገረኝ» አሉት። ልጁ ተንበርክኮ ጠበቀ። ጥቂት ቆይቶም «ጋሼ፥ ክሽክሹን እየበላችው ነው!» ብሎ ጮኸ። ክሽክሽ የባቄላውን ጭማቂ እየመጠጠ የሚያደርቅ ጥቃቅን ተባይ ነው። እንግዲህ ልጁ ሊገድላት የነበረችው ጥንዚዛ ለካ የመደቡ ጠባቂ ኖራለች። ይህን ነገር በቃል ብቻ ተነግሮት ቢሆን በማግሥቱ ይረሳው ነበር፤ በዓይኑ ስላየው ግን እስከ እርጅናው ድረስ የሚረሳው አይመስለንም።

ቀዩ ምልክት

የዕረፍት ሰዓት በሆነ ጊዜ መምህሩ ወደ ክፍላቸው አስገብተው ከአንዲት ተማሪ የተዋሱትን ያለፈ ዓመት ደብተር አሳዩን። ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ስለ ነፍሳት ባስተማሩ ጊዜ፥ እንደ ልማዱ ከመጽሐፍ ገልብጠው፥ «ሦስት አፅቄ ሦስት የአካል ክፍል፥ ስድስት እግር፥ ሁለት መዳሰሻና አራት ክንፍ አለው» ሲሉ በሰሌዳው ላይ ጻፉ። ተማሪዎቹም ሸመደዱ። ከዚያም ዝንብ በጠርሙስ ይዘው እየተመለከቱ እንዲጽፉ ባዘዟቸው ጊዜ፥ ከሠላሳ የሚበልጡት ተማሪዎች ሁሉ «አራት ክንፍ» ብለው ሲጽፉ፥ አንዲት ልጅ ብቻ «ሁለት ክንፍ» ብላ ጻፈች። መምህሩም ብዙ ሳያስቡ በቀይ ብዕር ሰረዙባት።

«ልጅቱ አላለቀሰችም» አሉን መምህሩ፤ «ጠርሙሷን ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣችና፥ ‹ጋሼ፥ እስቲ እርስዎም ይቁጠሩት› አለችኝ። ቆጠርሁ። ሁለት ነው። እንደገና ቆጠርሁ። አሁንም ሁለት ነው።» በደብተሩ ላይ ያ ቀይ ምልክት ዛሬም አለ፤ ከጎኑ ግን «ልክ ነሽ፤ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ከመምህሩ ፊርማ ጋር ይታያል።

በእርግጥም ዝንብ ያላት ሁለት ክንፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ጥንድ ክንፍ ሊሆን በሚገባው ቦታ ላይ የክብሪት እንጨት የመሰሉ፥ ጫፋቸው ያበጠ ሁለት ጥቃቅን ብልቶች አሉ፤ እነዚህም በምትበርበት ጊዜ ሚዛኗን ይጠብቁላታል። ትንኝም እንደዚሁ ናት። ንብ፥ ተርብና ቢራቢሮ አራት አራት ክንፍ አላቸው፤ የጥንዚዛ ሁለቱ የፊት ክንፎች ጠንክረው ክዳን ሆነዋል፤ ቁንጫና ቅማል ደግሞ ጭራሽ ክንፍ የላቸውም። መጽሐፉ የጻፈው ለብዙዎቹ እውነት ነው፤ በልጅቱ ጠርሙስ ውስጥ ለነበረችው ግን እውነት አልነበረም።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን የሌሎቹ ልጆች ነገር ነው። ዝንቧ በፊታቸው ነበረች፤ ዓይናቸውም ጤነኛ ነበር። ዋሹ ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ገና በአሥር ዓመታቸው ከገዛ ዓይናቸው ይልቅ ሰሌዳውን ማመን ለምደዋል። ይህ ልማድ ከልጁ ጋር አብሮ ያደገ እንደ ሆነ፥ ነገ በትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጦም ሊያየው የሚችለውን ነገር ሳያይ መፈረሙ አይቀርም።

መምህራቸውን ያስተማሩ ልጆች

መምህር ከተማሪው ሲማር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፈረንሳይ አገር ዣን ኦንሪ ፋብር የተባለ ወጣት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842 ዓ.ም.፥ ገና በ18 ዓመቱ፥ በካርፓንትራ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህር ሆነ። ተማሪዎቹን የመሬት ልክ ለማስተማር ወደ ሜዳ ባወጣቸው ጊዜ፥ ችካል እንዲተክል የተላከው ልጅ በየመንገዱ እየቆመ ድንጋይ ሲያነሣ ተመለከተ። ነገሩን ቢመረምር፥ አንዲት ትልቅ ጥቁር ንብ በድንጋይ ላይ ከጭቃ ቤት ትሠራለች፤ ልጆቹም ያን ጭቃ ከፍተው ማሩን በገለባ ይመጡታል። ወጣቱ መምህር ልጆቹን በመቅጣት ፈንታ አብሯቸው ማሩን ቀመሰ፤ ወዲያውም ስለ ነፍሳት የተጻፈ አንድ መጽሐፍ የወር ደመወዙን የሚያህል ገንዘብ ከፍሎ ገዛ። ከ1879 ጀምሮ በ10 ቅጽ ያሳተማቸውና በዓለም የታወቀባቸው የነፍሳት ጽሑፎች መነሻቸው ያ ሜዳ ነበር።

ስለ ንብ ካነሣን ዘንድ፥ እኛ የንቧን መሪ እስከ ዛሬ «አውራ» እንላታለን፤ አውራ ዶሮ እንደምንለው ማለት ነው። የጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስም በመጽሐፉ ንጉሥ አድርጎ ነበር የጻፋት። ነገር ግን በ17ኛው መቶ ዓመት ያን ስዋመርዳም የተባለው የሆላንድ ሊቅ አካሏን ከፍቶ በማጉያ መነጽር በተመለከተ ጊዜ፥ በሆዷ ውስጥ የእንቁላል መያዣዋን አገኘ። «ንጉሡ» የቀፎው ሁሉ እናት ኖራለች። ስም ያሳሳተውን ዓይን አቀናው።

ነገሩ የሕፃናት ጨዋታ አይደለም

«ነፍሳትን መቁጠር ለሕፃናት ጨዋታ ካልሆነ ለአገር ምን ይጠቅማል?» የሚለን አንባቢ ቢኖር፥ በቅርብ ዓመታት የደረሰውን እንዲያስታውስ እንለምነዋለን።

በ2009 ዓ.ም. የአሜሪካ መጤ ተምች በአገራችን የበቆሎ ማሳ ላይ ታየ። ገበሬዎቻችን ከጥንት የሚያውቁት ሌላ ተምች አላቸው፤ እርሱም በሣርና በእህል ላይ በመንጋ እየተጓዘ የሚያጠፋ ነው። መጤው ግን በበቆሎው ተጠቅልሎ ባለ ለጋ ቅጠል ውስጥ ተደብቆ የሚበላ በመሆኑ፥ ዘግይቶ የተረጨ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ምልክቱን ላወቀ ሰው አይጠፋም፤ በግንባሩ ላይ እንደ ተገለበጠ ባላ ያለ ነጣ ያለ መስመር ጎልቶ ይታያል፤ ወደ ጭራው አጠገብ ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች በአራት ማዕዘን ተሰድረዋል። አራት ነጥብ መቁጠር ለአራተኛ ክፍል ተማሪ የሚያዳግት ሥራ ነውን? ትሉን በጊዜ የለየ ቤተ ሰብ ገና ትንሽ ሳለ እየለቀመ ሊገድለው ይችላል፤ «ያው የድሮው ተምች ነው» ብሎ የተኛ ግን በቆሎውን ያጣል።

በ2012 ዓ.ም. እና በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያም የበረሃ አንበጣ በብዙ ክፍለ አገር ሰብል አጥፍቷል። አንድ ካሬ ኪሎሜትር የሚሸፍን መንጋ 40 ሚሊዮን፥ አንዳንዴም እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊይዝ ይችላል፤ እያንዳንዱም በቀን የክብደቱን ያህል፥ ማለት 2 ግራም የሚሆን ቅጠል ይበላል። በዚህ ጊዜ «አንበጣ መጥቷል» ብሎ መላክ ብቻ በቂ ወሬ አይደለም። የሚበር ነው ወይስ ገና ክንፍ ያላወጣ ኩብኩባ? ቀለሙስ ሮዝ ነው ወይስ ቢጫ? በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ ሮዝ ከሆነ ገና አልጎለመሰም፤ ቢጫ ከሆነ ግን እንቁላል ለመጣል ደርሷልና ያረፈበትን መሬት መጠበቅ ያስፈልጋል። በአንዲት የቀለም ቃል የአንድ ወረዳ ሥራ ይለወጣል።

የወባ ትንኝም እንደዚሁ ናት። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ጭራዋን ወደ ላይ አንሥታ ታዘነብላለች፤ ሌላዪቱ ትንኝ ግን ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር ትክክል አድርጋ ትቀመጣለች። በውኃ ውስጥ ያለው ትሏም በውኃው ፊት ላይ ጋደም ይላል እንጂ እንደ ሌላው ጭንቅላቱን ቁልቁል አይሰቅልም። «ወባ የረግረግና የገጠር በሽታ ነው» ብለን ስንሸመድድ ኖረናል። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. ከእስያ የመጣች ሌላ ዓይነት የወባ ትንኝ በቀብሪ ደሐር ተገኘች፤ እርስዋም በከተማ በበርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ ናት። በ2022 በድሬዳዋ በተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂ ሆና ተገኝታለች። እንግዲህ ወደ በርሜሉ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚመለከት ልጅ ቤተ ሰቡን የሚጠብቅ ዘበኛ ነው ማለት ነው።

ለመምህራን ጥቂት ምክር

ይህን ትምህርት ለመጀመር የሚፈልጉ መምህራን የላቦራቶሪ ዕቃ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። ልጆቹ በያዙት ፍጥረት ሁሉ ላይ አምስት ጥያቄ ይጠይቁ፤ ስንት እግር አለው? ስንት ክንፍ አለው? ሰውነቱ ስንት ላይ ተከፍሏል? ከየት ተገኘ? ምን ሲያደርግ ታየ? ከዚያም ሥዕሉን ይሳሉ፤ ሥዕሉ ባያምርም ግድ የለም፤ የእግሩ ቁጥር ልክ ይሁን። ሸረሪትን ከጉንዳን አጠገብ አስቀምጠው ያስተያዩ፤ የሸረሪት እግር ስምንት፥ የሰውነቷም ክፍል ሁለት ሆኖ ሲያገኙት ሦስት አፅቄ አለመሆኗን ራሳቸው ይፈርዳሉ። መዥገርም ስምንት እግር አላት፤ አዲስ የተፈለፈለችው ግን ስድስት ብቻ ስላላት፥ አንድ ጊዜ ብቻ አይቶ መፍረድ እንደማይገባ ለማስተማር ትመቻለች። ከጎመን ላይ የተገኘውንም አረንጓዴ ትል ከነቅጠሉ በጠርሙስ አኑረው፥ ተጠቅልሎ ተኝቶ በኋላ ቢራቢሮ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀኑን እየጻፉ ይከታተሉ።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ንብና ተርብ፥ ጠጉራም አባ ጨጓሬም በእጅ አይነኩም። የትንኝ ትል የታየበት ውኃ ከትምህርቱ በኋላ በደረቅ መሬት ላይ ይደፋ። ስሙ በመጨረሻ ሲነገርም፥ ልጆቹ በየቤታቸው በአፋቸው በፈቱበት ቋንቋ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ሽማግሌዎችን ጠይቀው ይምጡ፤ አንዱ ፍጥረት ሦስትና አራት ስም ሲኖረው፥ ስሙ ቢለዋወጥም እግሩ ስድስት መሆኑን ይገነዘባሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት የጀመራችሁ፥ እንዲሁም ነገ የምትጀምሩ ወጣቶች ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ ለሕፃናት መምህር ብቻ የተጻፈ አይደለም። ወረቀት ከቀበሌ ወደ ወረዳ፥ ከወረዳ ወደ ዞን ይወጣል፤ በየደረጃውም አንዱ የሌላውን ይገለብጣል። ከሥር ያለው ሰው ዝንቧን ሳያይ «አራት ክንፍ» ብሎ ከጻፈ፥ ከላይ ያለው ሁሉ «አራት» እያለ ይፈርማል፤ ብዙ ማኅተም ስላረፈበትም ሁለቱ ክንፍ አራት አይሆንም።

ከትምህርት ቤቱ ስንወጣ ያችን ልጅ በበሩ አጠገብ አገኘናት፤ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል ገብታለች። «ሁሉም አራት ሲሉ አንቺ ብቻሽን ሁለት ስትይ አልፈራሽም ወይ?» ብለን ጠየቅናት። አንገቷን ደፋ አድርጋ ጥቂት ካሰበች በኋላ፥ «ፈርቻለሁ፤ ግን ሁለት ነበር» አለችን።