ከግንቡ አጥር ማዶ

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ መዝገቡ ውስጥ የገቡት ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴና እስከ ጎርጎራ ድረስ ያሉ ግንቦች ናቸው። የከተማዋ ነባር ሰፈሮች አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤትና አዲስ ዓለም ግን በስም አልገቡም። ሐረር ጁገል ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ስትመዘገብ ከነመኖሪያ ቤቶቿ፣ ከነጠባብ መተላለፊያዎቿ ነበር። የጎንደር ሰፈሮች የቅርሱ ጎረቤት እንጂ አካሉ ስላልሆኑ የሚጠብቃቸው ነገር ካለ የከተማው ፕላን ነው።

የእነዚህ ሰፈሮች ቤቶች የአፄ ፋሲል ዘመን ቤቶች የሚመስሉት ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ከተማዋን አፄ ቴዎድሮስ አስዘረፏት፤ በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ድርቡሽ ገብቶ አቃጠላት። በድንጋይና በጭቃ ተገንብተው የእንጨት ሰገነት ያላቸው ደርብ ቤቶች አብዛኞቹ ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው። የጎንደር ፒያሳ ደግሞ የጣሊያን ሥራ ነው። ታዲያ የሚጠበቀው ዕድሜ ካልሆነ ምንድን ነው? መጠኑ ነው፤ ቤቱ ከግንቡ ዝቅ ብሎ መቆሙ፣ የድንጋይ አጥሩ መንገዱን ተከትሎ መሄዱ፣ ከሰፈሩ ቀና ሲሉ የፋሲል ግንብ መታየቱ። አንድ ቤት ብቻውን ቅርስ ላይሆን ይችላል፤ ሃምሳው አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ጎንደር ደንብ አውጥታ ሰፈርን መለየት የጀመረችው ዛሬ አይደለም። በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1668፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ የፍሎረንሱ አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማዋን ፕላን ሲነድፍ፣ ቅኝ ገዢው ነጩን ከአገሬው ለይቶ ማስፈርን መርሕ አድርጎ ነበር። ሁለቱም ደንቦች የሚመድቡት ቤቱን ሳይሆን ሰውን ነው። ዛሬም «የሰፈር ጥበቃ» ሲባል ማን ሊወጣ ነው ብሎ የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም።

አሁን ወዳለው ሕግ እንምጣ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀሱ ቅርሶች በብዛት የሚገኙበትን አካባቢ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በነጋሪት ጋዜጣ እንዲከልል፣ በክልሉም ያለ ፈቃድ ግንባታ እንዳይካሄድ ያስችላል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ ለከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ይሰጣቸዋል። መሣሪያው አለ ማለት ነው። ችግሩ ያለው መሣሪያው በምን ላይ እንደዋለ ነው።

በሌላው ዓለም የቆዩ ሰፈሮች የሚጠበቁት «ከዚህ በላይ አይሠራም» በሚል ደንብ ነው። የእኛ ከተሞች ፕላን ግን መሀል ከተማና ዋና መንገድ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚለው «ከዚህ በታች አይሠራም» ነው። የተባለውን ያህል ፎቅ መሥራት የማይችል ባለይዞታ አሮጌውን ቤት አፍርሶ የመገንባት አቅም ካለው ሰው ጋር ካልተሻረከ እጁ ይታሰራል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ቦታ በጨረታ ሲተላለፍ ግፊቱ ይብሳል፤ በውድ የተገዛ ካሬ ሜትር ወደ ላይ ካልወጣ ዋጋውን አይመልስም። እንዲህ ባለ ስሌት ውስጥ ደርብ ቤት ቅርስ ሳይሆን ባዶ ቦታ የያዘ ዕቃ ነው። ለእኔ ከቅርስ ጠላትነት ይልቅ ሰፈር የሚያፈርሰው ይህ ነው።

የባለቤትነቱ ነገርም አለ። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆነዋል። አዋጁ ያልታሰበ ውጤት አመጣ፦ ማንም ለማፍረስ መብትም ገንዘብም ስላልነበረው ቤቶቹ እስከ ዛሬ ቆዩ። በዚያው ልክ ኪራዩ ጥቂት ብር ስለሆነ ቀበሌው አያድስም፤ ተከራዩም የራሱ ላልሆነ ቤት ቆርቆሮ አይቀይርም። ጣሪያው ያፈሰሰ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ብዙ ክረምት አይችልም። እናም ደንብ ብቻ ብናወጣ የምንከለክለው ማፍረስን ነው፤ በዝናብ መፍረስን አንከለክልም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳ ሲነሣ የሰፈሩ ማርጀትና የቤቱ መጎሳቆል አንዱ መከራከሪያ የሆነውም ለዚህ ነው።

ደንቡ ምን ሊመስል እንደሚችል አንድ ምሳሌ አለ፤ አሜሪካዊቷ ከተማ ቻርልስተን እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጣችው ደንብ ከመንገድ የሚታየውን የቤቱን ፊት መለወጥ የፈለገ ሰው የአንድ ቦርድ ይሁንታ እንዲያገኝ አደረገች። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፊቱ የሰፈሩ ነው፣ ውስጡ የባለቤቱ። ሰውየው ሽንት ቤትና ወጥ ቤት እንዳያስገባ አይከለከልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰፈር ሲያምር ኪራይ ይወደዳል፤ ድሃው ይወጣል። የአፄ ዮሐንስ ጉባኤ በአዋጅ ያደረገውን ገበያው በዝምታ እንዳያደርገው ነባር ተከራይን የሚያስቀር አንቀጽ ከደንቡ ጋር አብሮ መጻፍ አለበት።

ነገሩ የጎንደር ብቻ አይደለም። ከጎንደር አጠገብ ካለችው አዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ቆላ ድባ ግንብ የላትም። የደንቢያ የገበያ ከተማ ናት፤ በመንገዱ ጫፍ ጣና ዳር ደግሞ የጎርጎራ ሪዞርት ተሠርቷል። ቱሪስት የሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለ ቦታ እንዴት እንደሚፈለግ የታወቀ ነው። እዚያ ያለ ፕላን አውጪ የጎንደርን መዋቅራዊ ፕላን አሳንሶ ከመቅዳት ይልቅ ሦስት ነገር ቢጽፍ ይበቃዋል ባይ ነኝ፦ ከዋናው መንገድ ኋላ ባሉ ነባር ሰፈሮች «ከዚህ ፎቅ በታች አይሠራም» የሚለው ግዴታ ይነሣ፤ አጥርና መተላለፊያ ባሉበት ይቆዩ፤ የሚፈርስ ቤት ሳይለካና ፎቶ ሳይነሣ አይፍረስ። የደንቡ የመጀመሪያ አንቀጽ ግን ክልከላ ባይሆን እመርጣለሁ። የጭቃ ቤቱን ማደስ የፈለገ ሰው፣ ባለይዞታም ይሁን የቀበሌ ተከራይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ፈቃድ እንዲያገኝ፣ ተከራዩም ያወጣው ወጪ ከኪራዩ እንዲታሰብለት የሚል ይሁን።